ቀዝቃዛ ብየዳ የተባለው ሰው

ካርዱን በሸሚዙ የደረት ኪስ ይዞ አሥራ አንድ ወር ዞረ። ቢጫ ነው፤ የእጅ መዳፍ ያህላል። ሸሚዝ በቀየረ ቁጥር ካርዱም አብሮ ኪስ ይቀይራል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አንድ ቅዳሜ ሸሚዙን ከነካርዱ ልትዘፈዝፈው ስትል ሮጦ እጇን ያዘ።

«ምንድነው እሱ፣ መታወቂያህ ነው?» አለችው።

«አዎ፣ አውጥተውልኛል» አላት።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። እየሳቀች ጀምራ ሳትስቅ ነው የጨረሰችው።

ካርዱ ላይ ያለው አራት መስመር ነው። ዕቃ፦ ሞዴል ሄሊኮፕተር። ብልሽት፦ በበረራ ላይ ከቁጥጥር ወጥቶ ወደቀ። ምክንያት፦ ቀዝቃዛ ብየዳ። በአራተኛው መስመር የእሱ ስም ተጽፏል። በሥራ ቦታችን ግን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁላችንም ሽቦ ነበር የምንለው። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንዴ ከታጠፈ በቀላሉ አይቃናም።

የምንሠራው በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ ነው። እሱ በመሣሪያ ጥገና ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነበር። እኔ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ነኝ፤ ኃላፊ ይበሉኝ እንጂ ከእኔ በታች ያለው መደርደሪያው ብቻ ነው። የጥገና ክፍሉ ረጅም አዳራሽ ሆኖ ስምንት የሥራ ጠረጴዛዎች አሉት። የመስኮቶቹ የታች መስታወት ነጭ ቀለም ስለተቀባ ውጭውን ማየት የሚችለው የቆመ ሰው ብቻ ነው። አየሩ ሁልጊዜ የቀለጠ እርሳስ ይሸታል። የሽቦ ጠረጴዛ ሦስተኛው ነበር፤ የወንበሩ ቆዳ በእሱ ልክ ጎድጉዶ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ያንሸራትተው ነበር።

ክፍሉ አንድ የማይሻር ደንብ አለው። የተበላሸም የተጠገነም ነገር ሁሉ ካርድ ይጻፍለታል። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር የክፍሉ አለቃ ሠራተኛውን ሰብስቦ የሳምንቱን ካርዶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብሎ ያነባል፤ አንብቦ ሲጨርስ እዚያው ይፈርምና ካርዱን ለባለስሙ ይሰጣል። ደንቡ የወጣው የአንዱ ስህተት ሌላውን እንዲያስተምር ነበር አሉ። እኔ እስከማውቀው ግን ሰው ከሌላው ካርድ የሚማረው የእሱ ስም ባለመጠራቱ ደስ መሰኘትን ነው።

አለቃውን ከኋላው ኮሌታው እንለዋለን። የሸሚዙ ኮሌታ ሁሌም በስታርች ደርቆ የቆመ ነው። ከመድረቁ የተነሣ አንገቱን ማዞር ስለማይችል፣ ከኋላ የጠራውን ሰው ለማየት ከነትከሻው ነው የሚዞረው። ድምፁ ያምራል፤ ማማሩንም ያውቃል። ካርዶቹን አስቀድሞ አያይም። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ እንደ ዜና አንባቢ እዚያው ያወርዳቸዋል።

ሄሊኮፕተሩ የማሠልጠኛው ጌጥ ነበር። ከክንድ ትንሽ ይረዝማል፤ ነጭ ሆኖ በጎኑ ቀይ መስመር አለው። ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ የገጣጠመውና የበየደው ሽቦ ነው። በየዓመቱ የእንግዶች ቀን ሲመጣ፣ የርቀት መቆጣጠሪያ የሚያስተምረው መምህር፣ አብራሪው የምንለው፣ በሪሞት አስነሥቶ ሜዳው ላይ ያዞረዋል። የዚያን ዓመት አንድ ትልቅ እንግዳ መጥቶ ነበር። አብራሪው ከወዲያ ሲያበርር፣ ኮሌታው ከወዲህ ከእንግዳው ጋር ፎቶ ሲነሣ፣ አርባ እርምጃ ያህል የራቀው ሄሊኮፕተር ድንገት ንብ እንደነደፈው ራሱን አራገፈ። ጋደል አለ፣ ተገለበጠ፣ ከአጥሩ ሥር ተከሰከሰ። ሰው አልተጎዳም።

ቀድሞ የደረሰው ኮሌታው ነው። ከስብርባሪው መካከል አንዲት ቀይ ገመድ ተበጥሳ ተንጠልጥላለች። በሁለት ጣቱ አንሥቶ ለእንግዶቹ አሳያቸው።

«ይኸው። ቀዝቃዛ ብየዳ» አለ።

አቧራው ገና አልበረደም ነበር።

ቀዝቃዛ ብየዳ ማለት እርሳሱ የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ የተበየደ ማለት ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት የያዘ ይመስላል፤ ሲነቀነቅ ግን ይለቃል። ገና በመጀመሪያው ወር ሠልጣኞች የሚገሠጹበት ስህተት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለበየደ ሰው ይህን ማለት፣ ሚስቱን ቁልፍ መትከል አታውቂም እንደማለት ነው።

ሰኞ ካርዱ ተነበበ። ኮሌታው «ቀዝቃዛ» የምትለዋን ቃል ትንሽ ጎተት አድርጎ አነበባት። ሽቦ ሦስተኛው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ነበር። ረቡዕ ከክፍሉ ተነሥቶ ወደ እኔ ወደ ዕቃ ቤት ተላከ። ሥራው ብሎን በመጠን በመጠኑ እየለየ ቆርቆሮ ውስጥ መክተት ሆነ። ባልደረቦቹ ስሙን ለወጡለት፤ ቀዝቃዛው አሉት። ሻይ ቤት ሲገባ አንዱ ብርጭቆውን ያነሣና «ይሄ ሻይ ማን በየደው?» ይላል። ሌሎቹ ይስቃሉ። እሱ ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጥቶ፣ የሳቀውን ሁሉ አንድ በአንድ አይቶ ይወጣል። እየመዘገባቸው መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ቆርቆሮዎቹን ሲለይ በስማቸው ይጠራቸው ነበር። ዝገት የበላው ብሎን ሲያገኝ «ና አንተ ሳቂታው» ብሎ መጣያው ውስጥ ይወረውረዋል።

ለኮሌታው ግን ብሎን አልሰጠውም። እሱን ኪሱ ውስጥ ነበር የያዘው። ጠዋት ጠዋት ኮቱን ሰቅሎ፣ ካርዱን አውጥቶ፣ አራቱን መስመር አንብቦ ይመልሰዋል። ሚስቱ አንድ ቀን ምሳ ልታደርስለት መጥታ ይህን ስታይ እኔን ምስክር አድርጋ ተናገረችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤታችን ሁለት ክፍል ነው» አለችው። «አንዱን ስፌቴ ሞልቶታል። ይሄን ሁሉ ቂም የት ልናስቀምጠው ነው?»

«እዚሁ ሥራ ቦታ አሳድረዋለሁ» አላት።

እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት እሱም ራሱን ተጠራጥሮ ነበር። ለእኔ አልነገረኝም፤ እጆቹን ሲያይ ነው ያወቅኩት። የተሰባበረው ሄሊኮፕተር በካርቶን ታሽጎ ከእሱ ሦስት እርምጃ ርቆ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ያለ አለቃ ትእዛዝ ካርቶኑን መክፈት አይቻልም። አሥር ወር ሙሉ ካርቶኑን ጀርባ ሰጥቶት ነበር የሚቀመጠው።

የሚቀጥለው የእንግዶች ቀን ሁለት ወር ሲቀረው ኮሌታው ራሱ ወደ ዕቃ ቤት መጣ። ሌሎቹ ጠጋኞች ሞዴሉን እንነካም ብለውት ኖሯል፤ የነካውን ሰው ምን እንዳገኘው አይተዋላ። ዕቃ በምሰጥባት መስኮት በኩል ቆሞ፣ እኔን ዘሎ፣ ወደ ውስጥ ተናገረ።

«አንተ፣ ያንን ነገር ልታነሣው ትችላለህ?»

ሽቦ ብሎኑን ከመለየት አላቆመም። «በካርድ ከሆነ እችላለሁ» አለ።

«በካርድ ማለት?»

«ደንቡ ነዋ፣ አለቃ። የተጠገነ ዕቃ ካርድ ይጻፍለታል። ሰኞ ይነበባል።»

«ይነበባል። ማን ከለከለህ?» አለና ከነትከሻው ዞሮ ሄደ።

ሽቦ ተነሥቶ ካርቶኑን አወረደ። 

ሌላ ሰው ቢሆን የተበጠሰውን በይዶ ይጀምር ነበር። እሱ ግን የብየዳ ማሞቂያውን እንኳ አልሰካም። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፈ፤ ሚስቱ ከስፌት የተረፈ የሰጠችው ነው። ስብርባሪውን በሙሉ እንደ ወደቀበት አቀማመጥ ደረደረው። ከዚያ ያቺን ቀይ ገመድ አንሥቶ በማጉያ መነጽር አያት። ብዙ ቆየ። አይቶ ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ተደገፈና ሳቀ። ወደ ዕቃ ቤት ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት የዚያን ቀን ነው፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

ና እይ አለኝ። በገመዷ ጫፍ የእርሳሱ ጉብታ እንዳለ አለ። ከጉብታው ሥር ደግሞ ጥፍር የማታህል ቀይ ቅጠል ተጣብቃለች፤ መዳብ ናት። ቀዝቃዛ ብየዳ ቢሆን ገመዷ ራቁቷን ነበር የምትወጣው፤ እርሳሱ ገመዶቹ በሚበየዱበት ቦርድ ላይ ቀዳዳውን ይዞ ይቀር ነበር። ይቺ ግን የቦርዱን መዳብ ከሥሩ ገንጥላ ይዛ ነው የወጣችው።

«ብየዳዬ አልለቀቀም። ቦርዱ ነው የተሸነፈው» አለኝ።

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ፣ ይሄንኑ ይዘህ ሂድና አሳያቸው አልኩት። እምቢ አለ። ይሄን ብቻ ይዤ ብሄድ ኮሌታው ሁለት ቃል ተናግሮ ያጠፋዋል አለኝ። ገመዷ የተነቀለችው መሬት ሲመታ ከሆነ፣ መሬት ያስመታው ምንድነው ብሎ ይጠይቀኛል። መልሱን ሳልይዝ አልሄድም። ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው፤ ለብዙ ጊዜ ሲያስብበት የኖረ ሰው አነጋገር ነው።

ሦስት ሳምንት ሠራ። የዕቃ ቤት ሥራውን ሳያጓድል፣ በምሳ ሰዓትና ብሎን ባለቀ ጊዜ ነበር የሚሠራው። መጀመሪያ የሞተሩን ገመዶች ነቀለ። ሞተሩን ሳይነቅል ባትሪ የሚሰካ ጠጋኝ ጣቱን አይወደውም ይላል። አሮጌው ባትሪ አንዱ ክፍሉ ተጨፍልቆ ስላበጠ አሸዋ ባለበት ባልዲ ውስጥ አስቀመጠው። አዲስ ባትሪ ሰካና በቴስተር ለካ፤ ኃይሉ ከባትሪው እስከ ቦርዱ ሳይጎድል ይደርሳል። መዳቧ በተገነጠለችበት ቦታ ድልድይ ሠርቶ ቀይዋን ገመድ በየዳት። ስትበየድ አላየኋትም፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ሲዞር ብየዳዋ እንደ ውሃ ጠብታ ታበራለች።

ቀጥሎ ክንፎቹን የሚያዘነብሉትን ትንንሽ ሞተሮች፣ ሰርቮ የሚባሉትን፣ አንድ በአንድ ሞከረ። ሦስቱ ከላይ ናቸው፤ አራተኛው ጅራቱ ውስጥ ነው። አንዱ ጥርሱ ረግፏል። ከፈተውና አየው፤ ጥርሱ የረገፈው በአንድ ምት ነው፤ ከመውደቁ በፊት ጤነኛ ነበር። ለወጠው። ከዚያ ሚዛን የሚጠብቀውን ክፍል ፈተነ፤ ሄሊኮፕተሩን በእጁ ይዞ አፍንጫውን ወደ ቀኝ ሲያዞረው ጅራቱ በትክክል ወደ ሚገባው አቅጣጫ ይታገላል። መጨረሻ ላይ የርቀት ፈተና ቀረ። ክንፎቹን አውልቆ ሄሊኮፕተሩን እኔን አስይዞኝ፣ ጉልበቱ እንዲቀንስ የሪሞቱን አንቴና አጥፎ በግቢው ውስጥ እየራቀ ሄደ። በየአምስት እርምጃው ቆሞ እጁን ያነሣል፤ እኔም ሰርቮዎቹ ከታዘዙ እጄን አነሣለሁ። ሠላሳ እርምጃ ሲደርስም እጄ ከመነሣት አልቦዘነም።

ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሯል። ሁሉም ነገር ጤነኛ ነው። ጤነኛ ነገር ደግሞ ከሰማይ አይወድቅም። ጥፋቱን ካላገኘ፣ የሚገኘው ጥፋት እሱ ራሱ ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ሲያደርግ አየሁት። መቁረጫ ፒንሳውን አነሣና በቀይዋ ገመድ ላይ አደረገው። ግማሽ ብቻ ቢቆርጣት ዕቃ ቤት ውስጥ ምንም አትሆንም። ሜዳው ላይ ግን ሞተሩ ሲያንቀጠቅጣት በሦስተኛው ደቂቃ ትበጠሳለች፤ ኮሌታው ከእንግዶቹ ጋር ቆሞ እየሳቀ። ገባኝ። ማለት የሚገባኝን ብዙ ነገር አሰብኩ፤ አንዱንም አላልኩም። የፒንሳው አፍ ለረጅም ጊዜ ገመዷን ነክሶ ቆየ። ከዚያ አነሣው።

«ደግሞ ቢወድቅ የማን ብየዳ ሊባል ነው?» አለኝ። እግዜር ይይልህ ብሎ የተወው አይደለም። ሒሳቡ ስላልመጣለት ነው።

ፒንሳውን አስቀምጦ መጠባበቂያውን ሪሞት አምጣልኝ አለኝ። ምናልባት ዋናው ሪሞት አልፎ አልፎ ይደክም እንደሆነ ከሁለተኛው ጋር ሊያስተያየው ፈልጎ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ሪሞቱና ሄሊኮፕተሩ ውስጥ ያለው ተቀባይ የሚግባቡት በቁጥር ነው። የእኛ ቁጥር ሃያ ስድስት ነው። በአንድ ቁጥር ሁለት ሪሞት በአንድ ጊዜ ከበራ ተቀባዩ የማንን እንደሚሰማ አያውቅም፤ ያብዳል። ዋናውም መጠባበቂያውም ሃያ ስድስት ስለሆኑ አንድ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ አለች፤ ቢጫ ቀለም ተቀብታ ሃያ ስድስት ተጽፎባታል። የምትሰቀለው ዕቃ ቤት፣ ከራሴ በላይ ነው። ሪሞት የሚያበራ ሰው መጀመሪያ መቆንጠጫዋን አንቴናው ላይ ይሰካል። መቆንጠጫዋ ሌላ ሰው ጋ ካለች ሪሞት አይወጣም፣ አይበራም። ይህን ደንብ ያወጣው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሽቦ ነው። የሚጠብቀው እኔ ነኝ።

ሽቦ ዋናውን ሪሞት አጠፋ። መቆንጠጫዋን ከአንቴናው ነቅሎ ወደ መጠባበቂያው ሊያዛውራት ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ።

«የወደቀ ቀን ይቺ የት ነበረች?»

«አብራሪው አንቴና ላይ» አልኩት።

«ይሄኛውስ ሪሞት?»

በዚያ ቀን ኮሌታው በመስኮቷ መጥቶ፣ ያንን ሁለተኛውን ስጠኝ እንግዳው ለፎቶ ይያዘው ብሎኝ ነበር። መቆንጠጫዋ የለችም ልል አሰብኩ። ለፎቶ ነው፣ ማን ያበራዋል ብዬ ሰጠሁት። ሄሊኮፕተሩ ሲወድቅ ይሄው ሪሞት ትዝ አለኝ፤ ግን የኤሌክትሮኒክስ ነገር አላውቅም፣ አለቃው ብየዳ ነው ብሏል፣ እኔ ማነኝ አልኩ። ይህንኑ ነገርኩት። ወለሉን እያየሁ ነበር የነገርኩት።

እሱ ሄሊኮፕተሩን በማሠሪያው ላይ አጥብቆ ዋናውን ሪሞት አበራ። ሰርቮዎቹ ጸጥ ብለው ቆሙ። መጠባበቂያውን አበራ። ያን ጊዜ አራቱም በአንድ ላይ ዘለሉ፤ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ፣ ልክ ንብ እንደነደፈው። አጠፋው፤ ጸጥ አሉ። ሦስት ጊዜ ደገመው። ሦስተኛው ለእኔ መሰለኝ።

«አሥራ አንድ ወር ከጎኔ ቁጭ ብለህ ሻይ ጠጣህ» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ካርዱ ውስጥ አንተም ትገባለህ።»

«ይገባኛል» አልኩት።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። እንግዳው ይዞት ብቻ ከነበረስ? አልተበራም ቢሉስ? ሽቦ በማግስቱ ምሳ ሰዓት ማጉያውን ኪሱ ከትቶ ወደ ጥገና ክፍሉ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ደጁን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። በአዳራሹ ግንባር፣ ኮሌታው ካርድ ሲያነብ ከሚቆምበት ቦታ ጀርባ፣ አንድ ትልቅ ፎቶ በወርቃማ ፍሬም ተሰቅሏል። ኮሌታው ከትልቁ እንግዳ ጋር የተነሣው ነው። ከዚያ ቀን የተረፈው ጥሩ ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ በራሱ ወጪ አስጎልቶ አሰቀለው።

ሽቦ ወንበር ላይ ወጥቶ ማጉያውን አስጠጋ። እንግዳው ሪሞቱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን ፈገግ ብሏል። የኮሌታው አውራ ጣት ማብሪያው ላይ ነው። ከጣቱ በላይ ቀይዋ መብራት በርታለች። የእንግዳው አንቴና ባዶ ነው። በፎቶው ዳር አብራሪው ይታያል፤ በእሱ አንቴና ላይ ቢጫዋ መቆንጠጫ አለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በሰማዩ ጥግ፣ ሄሊኮፕተሩ ወደ አንድ ጎኑ ጋደል ብሏል። ኮሌታው ለእንግዳው ሰላምታ የሰጠ መስሎት ለሁሉም ያሳየው ነበር።

ሽቦ ከወንበሩ ወረደ። ወንበሩን በመሀረቡ ጠርጎ ወደ ቦታው መለሰው።

ካርዱን የጻፈው ቤቱ ሆኖ ነው። ሚስቱ እንደነገረችኝ አራት ጊዜ ቀዶ ጻፈው። በመጨረሻ ሲያነብላት ከታች ስለ ኮሌታው እናት አንድ ነገር ነበረበት። እሷ ስፌቷን አቁማ፣ ይሄን አውጣው አለችው። ክር ያንጠለጠለ ልብስ ለብሰህ አትወጣም፤ ይሄም ክር ነው፣ እሱን ይዞ ይጎትትሃል። ተከራክሯት ነበር። ኋላ ግን በመቀሷ ራሱ ቆረጠው።

ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ቆምን። ሽቦ ከሦስተኛው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ከድሮው ቦታው ነው የቆመው። ኮሌታው መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አደረገና የተለመዱትን ካርዶች አነበበ፤ የተቃጠለ ፊውዝ፣ የተሰበረ ቴስተር። ከዚያ የሽቦን ካርድ አነሣ። ሁለት ካርድ በአንድ ላይ የተያያዘ ነበር። ረጅም መሆኑ ደስ ያለው ይመስለኛል፤ ድምፁን አስተካከለ።

ባትሪ፣ የተጨፈለቀው በመውደቅ ነው፣ ከዚያ በፊት ጤነኛ። ሰርቮዎች፣ ከመውደቃቸው በፊት ጤነኛ። ሚዛን ጠባቂ፣ ጤነኛ። የርቀት ፈተና፣ ሠላሳ እርምጃ፣ ጤነኛ። እንደ ዜና ይፈሳል። ቀይ ገመድ፣ ብየዳው አልለቀቀም፣ የቦርዱን መዳብ ይዞ ተነቅሏል፤ ማየት የሚፈልግ ከካርዱ ጋር ተያይዟል። እዚህ ላይ አንዳንዱ ቀና አለ። ኮሌታው ግን አንደበቱ እንደተፈታ ቀጠለ።

«ምክንያት፦ በአንድ ቁጥር ሁለት ሪሞት በአንድ ጊዜ በርቷል። ሁለተኛው ሪሞት ከዕቃ ቤት ያለ መቆንጠጫ ወጥቷል። የሰጠው፣ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ። የተቀበለውና ያበራው፣ የክፍሉ አለ...»

ያ ሁሉ ድምፅ እዚያ ላይ ቆመ። የእኔ ነገር ከመነበቡ የተነሣ ጆሮዬ ይግል ነበር፤ ቢሆንም ቀና ብዬ አየሁት።

ሽቦ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አንድ መስመር ይቀራል፣ አለቃ» አለው።

ደንብ ነው፤ ካርድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበባል። ራሱ ሲያስከብረው የኖረው ደንብ ነው። ኮሌታው መነጽሩን ነካ አደረገ።

«ማስረጃ፦ ከአንባቢው ጀርባ ያለው ፎቶ» ብሎ አነበበ። የዜና አንባቢው ድምፅ የለም፤ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ነው የወጣው።

ሰው ሁሉ ከእሱ በላይ ወደ ግድግዳው አየ። እሱም ማየት ነበረበት። አንገቱን ማዞር አይችልም። ከነትከሻው፣ ቀስ እያለ፣ እግሩን እየቀያየረ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ሙሉ በሙሉ ዞረ። አዟዟሩ ዓመት የፈጀ መሰለኝ። አብራሪው ጠጋ ብሎ ጣቱን መስታወቱ ላይ አደረገ።

«በርቷል እኮ። በዚያን ቀንም ከእጄ ጠፋብኝ ብዬዎት ነበር» አለ።

የሻይ ቤቱ ቀልደኛ ሳል ያዘው። ሽቦ ዞር ብሎ አየውና ሳሉን አስተወው።

ከዚያ ሽቦ ወደ ግንባሩ ሄደ። ከደረት ኪሱ ቢጫዋን ካርድ አወጣ። ከአሥራ አንድ ወር ላብና እጥፋት የተነሣ ጠርዟ ጨርቅ መስሏል። ከአዲሱ ካርድ አጠገብ አስቀመጣትና እስክሪብቶውን ከፍቶ ለኮሌታው ዘረጋለት።

«በአዲሱ ላይ ፊርማዎት። በአሮጌው ላይ ደግሞ ተሰርዟል ይበሉልኝና ፊርማዎት» አለው።

ኮሌታው ሁለቱንም ፈረመ። «ተሰርዟል» የምትለዋን ቃል ሲጽፍ ፊደሎቹ ተጣመሙ። ሽቦ ጎንበስ ብሎ አያትና፣ አትነበብም፣ እንደገና ይጻፏት አለው። እንደገና ጻፋት።

በዚያው ሳምንት ሽቦ ወደ ሦስተኛው ጠረጴዛ ተመለሰ። ኮሌታው ከአለቅነቱ አልተነሣም፤ እንዲህ ባለ ነገር ሰው የሚነሣበት ቦታ አይደለም የምንሠራው። ካርድ ግን አስቀድሞ ማንበብ ጀምሯል፤ ሰኞ ሲያነብም ጎን ለጎን ነው የሚቆመው፣ ጀርባውን ለግድግዳው አይሰጥም። ቀዝቃዛው የሚለውን ስም ከዚያ ወዲህ ከማንም አፍ ሰምቼው አላውቅም። ለእኔም ሽቦ አንድ ካርድ ጽፎ ያለ ፊርማ በመስኮቷ አሾልኮልኛል። ዕቃ፦ የዕቃ ቤት ኃላፊ። ብልሽት፦ አፉ አይከፈትም። ምክንያት የሚለውን ባዶ ትቶታል። አልቀደድኩትም።

በእንግዶች ቀን ሄሊኮፕተሩ በረረ። እኔ መቆንጠጫዋን አብራሪው አንቴና ላይ ስትሰካ በዓይኔ አይቼ፣ መጠባበቂያውን ሪሞት ዕቃ ቤት ቆልፌበት ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። ኮሌታው ከእንግዶቹ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሁለት እጁን ከኋላው አጣምሮ ቆሞ ነበር።

ሁሉም ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ኮሌታው ወደ ሦስተኛው ጠረጴዛ መጣ። ዕቃ ላደርስ ሄጄ እዚያው ስለነበርኩ ሰማሁ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው፤ በዕቃ ቤቱ መስኮት «አንተ» ያለውን ሰው «ወንድሜ» አለው።

«ወንድሜ፣ ያንን ፎቶ እንግዲህ ብናወርደው ምን ይመስልሃል?»

ሽቦ ማሞቂያውን ከማስቀመጫው አነሣ፣ ጫፉን በእርጥብ ስፖንጅ ጠረገ። ሽሽ አለ።

«ለምን ብለው፣ አለቃ?» አለው። «ኮሌታዎት ተስተካክሎ የወጣበት ፎቶ እኮ ነው።»

ፎቶው እስካሁን እዚያው ነው። አቧራ ይዞ መብራቷ እንዳትደበዝዝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽቦ ራሱ ይወለውለዋል።